ያልፈተሽኩት ቫልቭ

በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ግን ከሮክቪል እስከ ውድብሪጅ ያዞረኛል። ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ ትክክለኛውን ስም ከተናገርኩ ማስረዳት ይመጣል። በሙያው ያለን ሰዎች ባክፍሎው እንለዋለን። የከተማው ውሃ ወደ ሕንፃ በሚገባበት ቦታ የሚገጠም የነሐስ ቫልቭ ነው። ውስጡ በብረት ሞላ የተያዙ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉት። ውሃው ሲገባ ይከፈታሉ፤ ልመለስ ሲል ይዘጋሉ። መንገድ ላይ ትልቁ ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም እሳት አደጋ ብዙ ውሃ ቢስብ ግፊቱ ይወድቃል፤ ያኔ በየሕንፃው ውስጥ ያለው ውሃ ከነቆሻሻው ወደ መንገዱ ሊሳብ ይችላል። ይህን የሚያግደው ያ ቫልቭ ነው።

ስለዚህ የሕንፃ ባለቤት በየዓመቱ ላይሰንስ ባለው ሰው ማስፈተሽና ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ማስገባት አለበት። እኔ ፈትሼ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ቤዝመንት ወርዶ አያረጋግጥም። ሁሉም ፊርማዬን ያምናል።

አሁን የምጽፈው ሳልፈትሽ ስለፈረምኩበት ቀን ነው።

ከቤቴ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስምንት አፓርታማ ያለው አሮጌ የጡብ ሕንፃ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህ አገር ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ አይተውኝ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ሁለት ዓመት ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ጋር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኖርኩ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸው ነበር። ልጆቻቸው አድገው ወደ ሌላ ስቴት ስለሄዱ ይመስለኛል፣ ሳልበላ ከቤት ስወጣ በር ላይ ይይዙኝ ነበር። ያኔ የምሠራው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። «እጅህ ሥራ ያውቃል፤ መኪና እያቆምክ አትቅር» ብለው ወደ ቧንቧ ሥልጠና የገፋፉኝ እትዬ ናቸው። ላይሰንሴን ሳገኝ መጀመሪያ የፈተሽኩት የእነሱን ሕንፃ ቫልቭ ነው። እትዬ ጉልበታቸው እያመማቸው ቤዝመንት ድረስ ወርደው፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ተደግፈው እስክጨርስ ተመለከቱኝ።

እትዬ ለወራት ታመው በየካቲት አረፉ። ረቡዕ ተቀበሩ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ከተከመረው ፖስታ መሐል የውሃ መሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አየሁ። ጋሼ ሆስፒታል ሲመላለሱ ሳይከፍቱት ቀርተው ኖሯል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሪፖርቱ በዕለቱ ካልገባ የሕንፃው ውሃ ይቆረጣል ይላል። የዓመቱን ፍተሻ እኔም ረስቼዋለሁ። በሽታቸው ሁላችንንም ከቀን ቆጠራ አውጥቶን ነበር።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ዕቃዬ መኪናዬ ውስጥ ስለነበር የግፊት መለኪያ ጌጁንና ቀጫጭን ጎማዎቹን ይዤ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ይህንን ቫልቭ ለመፈተሽ የሕንፃውን ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዝጋት ያስፈልጋል። ደረጃው ላይ ወጥ ቤቱን የምትመራውን የእትዬን እህት አገኘኋት።

«ውሃውን ለግማሽ ሰዓት ልዘጋው ነው» አልኳት።

«ዛሬ? ምን ነካህ ልጄ!» አለችኝ፤ ሁለት እጇ አረፋ ነበር። «ከውድብሪጅ አንድ ባስ ሙሉ ሰው እየመጣ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወረፋ ነው፣ ሳህን አልቆብናል። በእሷ ለቅሶ ውሃ ጠፋ ይባል?»

ወርጄ ቫልቩ ፊት ቆምኩ። እጀታውን ያዝኩት። ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ቧንቧው ውስጥ ውሃው ሳያቋርጥ ይሮጣል። ለመሥሪያ ቤቱ ደውዬ ቀን እንዲጨምሩልኝ መጠየቅ እችል ነበር፤ ሰዓቱ ግን ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ደግሞም ቫልቩን አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ፍተሻውን አልፏል። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ከፈትኩና አዲሱን ቅጽ ከእሱ ላይ ገልብጬ ሞላሁ። የመጀመሪያው በር የያዘው ግፊት አንድ ነጥብ ስምንት ይል ነበር፤ አንድ ነጥብ ሰባት አደረግኩት። አንድ ዓመት ያረጀ እንዲመስል ነው። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያቺ ነጥብ ናት። ሌላውን ቸኩዬ ነው ልል እችላለሁ፤ እሷን ግን አስቤባታለሁ።

ፈርሜ ላክሁና ወደ ለቅሶው ተመለስኩ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ጠዋት፣ ጋሼ ኮል አደረጉልኝ። «ጎረቤታችንን ሴትዮዋን አምቡላንስ ወሰዳቸው። ውሃችንም ሮዝ ሆኖ እየወረደ ነው። እስቲ ቶሎ ና» አሉኝ።

ስደርስ ነገሩ ግልጽ ነበር። በዚያ ሳምንት የማሞቂያ ጠጋኝ መጥቶ ቤቱን የሚያሞቀውን ቦይለር ውሃ ሲሞላ የተጠቀመበትን ጎማ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ቧንቧ ላይ ሳይነቅል ሄዷል። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይቀዘቅዝና ብረቱ እንዳይዝግ ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ ቀለሙም ሮዝ ነው። በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ ትልቁ ቧንቧ ከብርዱ የተነሳ ፈነዳ። ግፊቱ ሲወድቅ የቦይለሩ ውሃ በጎማው ወደ ሕንፃው ቧንቧ፣ ከዚያም አልፎ በቫልቩ ወደ መንገዱ ተሳበ። የሕንፃው ተከራዮች ቀለሙን አይተው አልነኩትም። ቀጥሎ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ዘንድ ግን በመንገዱ ቧንቧ በኩል ቀጥኖ ነው የደረሰው። ዓይናቸውም ደከም ብሏል። በዚያ ውሃ ሻይ አፍልተው ጠጡ።

ከቀትር በኋላ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኢንስፔክተር መጥቶ ቫልቩን ፊቴ ከፈተው። የሁለቱም በሮች ጎማ ተሰንጥቋል፤ አንደኛው ላይ የዝገት ቅርፊት ተሰክቶ ገርበብ አድርጎታል። ሰውየው በስልኩ ሪፖርቴን አወጣ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት አልፏል ይላል» አለኝ።

የተሰነጠቀውን ጎማ አንስቼ አየሁት።

«ያጋጥማል» አለ ራሱ። «ከብርድ በኋላ ጎማ በቀናት ውስጥ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ያንተ ጥፋት አይደለም።»

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ያን ቀን ያደረግኩት ይህን ነው፤ አንገቴን ነቅንቄ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ ነዳሁ። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሲያስመልሳቸው ደክመው ወድቀው ኖሮ የእጃቸው አጥንት ተሰብሯል። በሦስቱም ቀን ሥራ ገባሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ቫልቭ ፈተሽኩ፣ ለካሁ፣ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩና ከመላኬ በፊት ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ እሳቸው ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው ብዬ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ለለቅሶ የተከራዩት ወንበር ተመልሷል፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሰፍቷል። ቆሜ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ቫልቩን አልፈተሽኩትም። ቁጥሩን ከአምናው ገልብጬ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?» አሉ።

«ለቅሶ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ውሃውን መዝጋት ከበደኝ። በእትዬ ለቅሶ...»

እጃቸውን አነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ደብዳቤው ላይም እንደዚህ ነው የጻፍከው?»

«አዎ።»

«አውጣው። የእሷን ለቅሶ ምክንያት አታድርግብኝ። እሷ ብትሰማ ሰውን ሁሉ በረንዳ ላይ አውጥታ ውሃውን ራሷ ትዘጋው ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ያንን አንቀጽ ሰረዝኩ። የቀረው ሁለት መስመር ነበር፤ አልፈተሽኩም፣ ቁጥሩን ከአምናው ገልብጬ ፈርሜያለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና መለሱልኝ። «እኔም ደብዳቤዎቹን አልከፈትኩም» አሉ። «ሕንፃው የእኔ ነው። ይህንንም የምጽፍበት ወረቀት አምጣልኝ።»

ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። ወደ ጎረቤቲቱ እንሂድ አሉኝ። የኢንሹራንሱ ሰው ስለጉዳዩ ከሴትዮዋ ጋር እንዳናወራ በስልክ አስጠንቅቆን እንደነበር አስታወስኳቸው። «ሰው ታሞ ሳይጠየቅ የት አገር ነው የሚቀረው?» አሉና ቀድመውኝ ወረዱ።

ሴትዮዋ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሯል። ከሶፋው ላይ ጋዜጣ አንስተው አስቀመጡን። በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቫልቩን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማዬን። ለምን እንዳደረግኩት አልተናገርኩም፤ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ሴትዮዋ ግን ጠየቁኝ።

«በዚያ ቀን ምን ነበር?»

ጋሼን አየኋቸው። ራሳቸው መለሱ፤ «ባለቤቴን ቀብረን ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ለቅሶው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ኬክ ጋግሬ በር ላይ ለአንዲት ሴት ሰጠኋት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ ካስፈለጋችሁ ለምን በሬን አላንኳኳህም? ባልዲ ይዘህ ብትመጣ ከእኔ ቧንቧ ትቀዱ ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርኩ።»

በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ኖሬ፣ አራት ዓመት ስመላለስ፣ ያ በር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የቫልቩን ጥቅም ለስንት የሕንፃ ባለቤት አስረድቻለሁ፤ «የሚጠብቀው ጎረቤትህን ነው» እላለሁ። ከአፌ የማይጠፋ አነጋገር ነበር። ጎረቤቲቱን ግን ፊት ለፊት ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አላሉኝም። እንዳሉኝ አድርጌም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ላይሰንሴ ታገደ። ይህ ወሬ በሙያው ውስጥ ይሮጣል፤ አንዳንዱ ደንበኛ ደውሎ «ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ፤ አንዳንዱ መደወል አቆመ። አንድ ዓመት በሌላ ሰው ላይሰንስ ሥር ጉድጓድ እየቆፈርኩ ቧንቧ ስቀብር ቆየሁ። ከዚያ እንደ አዲስ ሠልጥኜ ተፈተንኩ። የመለማመጃው ክፍል ውስጥ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የሚያንሱ ልጆች መሐል ቆሜ ጎማ ስገጥምና አየር ሳስወጣ፣ መምህሩ አንድም ነገር አላረመኝም። ሥራውን ድሮም አውቀው ነበር።

ወረቀቴ የተመለሰልኝ ዕለት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ደስ አላቸው፤ ሳሙኝ። የሕንፃቸውን ፍተሻ ግን አልሰጡኝም።

«እሱን ሌላ ሰው ይሥራው» አሉኝ። «አንተ መጥተህ ጠይቀኝ እንጂ።»

ተቀየምኩ ልበል? ለጥቂት ቀን ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን ትክክል መሆናቸውን አየሁ። ለእሳቸው ስል ነበር የዋሸሁት፤ እንደገና ለእሳቸው ስል የምዋሽበትን ቦታ ዘጉብኝ።

አሁን ቫልቩን የምትፈትሸው ፎልስ ቸርች የምትኖር አንዲት ኮሪያዊት ናት። ባለፈው ጊዜ ስትመጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከጋሼ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ከሁለት ቀን በፊት ውሃው እንደሚዘጋ ለተከራዮቹ ሁሉ በየበሩ እየዞሩ ነግረዋል። ጎረቤቲቱ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ስለሄዱ፣ አዲስ ለገቡት ባልና ሚስትም ሄደው ነግረዋቸዋል። ውሃው ሲዘጋ ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ፈታሿ እጇን እያደረቀች ከቤዝመንት ወጣችና የቫልቩ አንደኛው በር ስለደከመ ጎማው መቀየር እንዳለበት፣ ዕቃውን ከመኪናዋ እንደምታመጣና ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅባት ነገረችን።

«ሁለት ሰዓት?» አሉ ጋሼ።

«ከፈለጉ ሌላ ቀን ልመጣ እችላለሁ» አለች።

«የለም፣ የለም። ዛሬ ሥሪው» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ውሃው እንደሚቆይ ለመንገር ከሦስተኛው ፎቅ ጀምረው በር ማንኳኳት ያዙ፤ እኔም ከኋላቸው ወረድኩ።