አባቴ የተከለው መደብ

ልጅ እያለሁ ጣቶቼ የሚሸቱት የቲማቲም ቅጠል ነበር። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «አንቺ ደግሞ ምን ምን ነው የምትሸቺው?» እያለች አፍንጫዋን ትይዝብኝ ነበር። ጓሮ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሳሙና ቢፈተግ እንኳ ቶሎ የማይለቅ፣ መረር ያለ ሽታ ነው። ሳሙናውም ቢሆን ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው ስለነበር ለጣት ሽታ የሚያባክነው ሰው አልነበረም።

ገርጂ ያኔ ከተማም ገጠርም አልነበረችም። ከቤታችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ይታያል፤ ሲመሽ ጅብ ይጮኻል፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አባቴ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ጓሮ ይገባል። ችግኝ የሚሰጠን አንድ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ጓሮ ላላቸው ሰዎች ችግኝ ያድላል፣ ባለሙያም እየላከ ያስተምራል። ለእኛ ሰፈር የደረሰችን ጫልቱ ናት፤ ከወለጋ የመጣች፣ ትምህርቷን ገና የጨረሰች፣ ሱሪ ለብሳ ሞተር ብስክሌት የምትነዳ ወጣት። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ሱሪዋን አይተው ጉድ አሉ። ጎመናቸው ሲያምር ጊዜ ሱሪውን ረሱት።

አንድ የካቲት አባቴ ለዘመቻ ታዘዘ። የጦሩን መኪና የሚጠግን ሰው ተፈልጎ ወደ ሰሜን ሊሄድ ነው። በዋዜማው ጫልቱ ባመጣችው የቲማቲም ችግኝ ከጓሮው ሦስት መደቦች አንዱን ብቻውን ተከለ። እናቴ «ተወው፣ ነገ እኔ እተክለዋለሁ፤ አሁን ግባና ልጆችህን አጫውት» ብትለው አልሰማትም። ተንበርክኮ እያንዳንዱን ሥር አፈር አለበሰ። ሲጨርስ እጁን ቱታው ላይ ጠረገና «ይሄ ሲቀላ እመጣለሁ» አላት። ለማጽናናት ያህል ያላት ነበር። እናቴ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። የቀሩትን ሁለት መደቦች እሱ ከሄደ በኋላ እኛ ከጫልቱ ጋር ተከልን።

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ተስፋ ጓሮው ሆነ። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ጥጋብ የማያውቁ። ጎረቤት ገበታ ሲቀርብ አፍጥጠው እንዳያሳፍሩን እናቴ በምሳ ሰዓት በር ትዘጋባቸው ነበር። ቲማቲሙ ሲደርስ ሾላ ገበያ ወስዳ ልትሸጥና ቀለብ ልትገዛ ነው ሐሳቧ። ጫልቱ በየሳምንቱ እየመጣች ከሥር ከሥር ታስተምረናለች። ውኃው በማለዳ ከግንዱ ሥር ይሁን፣ ቅጠሉን አታርጥቡት፣ እንጨት ደግፉለት ትላለች። እኔ ውኃ ቀጂ፣ ወንድሞቼ ዶሮ አባራሪ ሆንን። ማታ ማታ እናቴ የአባቴ መደብ ዳር ትቆምና አረንጓዴውን ፍሬ እያገላበጠች ታያለች። ቀለም ይዞ እንደሆነ ነው የምታየው።

ሚያዝያ ላይ ሌት ተቀን ያካፋ ጀመር። አንድ ጠዋት ውኃ ይዤ ስወጣ የአባቴ መደብ ላይ ቅጠሉ ፈልቶ የተነሳ ጎመን መስሎ ጠቁሮ አገኘሁት። እናቴን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «ምች መታው» አለች።

ጫልቱ ስትመጣ ቅጠሉን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ነጭ ሻጋታ አሳየችን። ፊቷ ሲለወጥ ነገሩ ክፉ እንደሆነ ገባኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይሄን መደብ ዛሬውኑ ነቅለን እንቅበረው። ሁለቱ ገና አልተነኩም። ይሄኛው ከቆየ እነሱንም ይጨርሳቸዋል።»

«አልነቅልም» አለች እናቴ።

«መድኃኒቱ ኮሌጁም ጋ አልቋል። ሌላ መላ የለኝም።»

«ልጄ፣ ይሄን እኮ እሱ ነው በእጁ የተከለው። እሱ ጦር ሜዳ ላይ እያለ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የተከለውን ልንቀል? በገዛ እጄ ላሟርትበት?»

«ተክል ነው እኮ፣ ሰው አይደለም።»

«ለአንቺ ነው ተክል።»

ጫልቱ መደቡ ዳር ተቀመጠች። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር። «እሺ ልጆቹስ ምን ሊበሉ ነው?» አለች ቀስ ብላ። እናቴ ወደ ቤት ገባች። ጫልቱ የተነኩትን ቅጠሎች ብቻ ለቅማ ቀበረችና «እባክሽ ቅጠሉ እንዳይረጥብ» ብላኝ ሄደች።

እናቴ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በጠርሙስ ጸበል ይዛ መጣች። ማታ ማታ እየጸለየች ቅጠሉ ላይ ትረጨው ጀመር። የጫልቱን ምክር ረስታ አልነበረም። ግን ጸበልን ከእርጥበት የሚቆጥር ማን አለ? እኔም ከኋላዋ ቆሜ አሜን እል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሽታው ከአባቴ መደብ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ዘለቀ። ፍሬው ሳይቀላ እየጠቆረ ወደቀ። ታናሽ ወንድሜ ከወደቀው አንዱን በልቶ ሲያስመልሰው እናቴ ጀርባውን እየደገፈች አለቀሰች። ተስፋ መቁረጥ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። ረሃቡን እንኳ ለምደነው ነበር። የከፋው እሷ ከመደቡ ዳር ቆማ «አንድ እንኳ ይቅላ፣ አንድ ብቻ» እያለች ስትለምን መስማት ነበር።

ጫልቱ ጓሮውን ስታየው «ብዬሽ ነበር» አላለችም። ሞተሯ ላይ የጎመን ችግኝ ጭና መጥታ ሁለቱን መደቦች እንደ አዲስ ቆፍራ ከእኛ ጋር ተከለች። ክረምቱን ያሻገረን ያ ጎመን ነው። የአባቴን መደብ ግን የነካው የለም። የደረቀው ግንድ ዝናብ እስኪጥለው እንደቆመ ቀረ።

በዓመቱ መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ እግሩ ቆስሎ፣ ልብሱ ተቀዶ እየተጎተተ ወደ ከተማ ገባ። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። አባቴ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ዘመድ «እርምሽን አውጪ» ቢላት እንቢ አለች። ድንኳን ሳይጣል፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ፣ እሷ ራሷ እስክታርፍ ድረስ እንዲሁ ጠበቀችው።

ዛሬ ጎሮ ነው የምኖረው። ከደጃፌ ፊት ለፊት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለችኝ። ያኔ ጫልቱ በጭቃ ሞተር እየነዳች ታመጣልን የነበረውን ምክር አሁን ልጄ ስልኩ ላይ ከፍቶ ያነብልኛል፤ መድኃኒቱም ገበያ ሞልቷል። እኔም ጥቁር ነጥብ ያለው የቲማቲም ግንድ ካየሁ ሳልውል ሳላድር ነቅዬ እጥላለሁ፣ የቀረውም ይተርፋል። ልጄ «ጎበዝ ገበሬ ወጣሽ» ይለኛል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ እናቴ ያቃታት ለእኔ የቀለለኝ ከእሷ በልጬ አይደለም። የምጠብቀው ሰው ስለሌለኝ ነው።