ድርብ ቁልፍ እና ሦስተኛው አስተያየት

ተማሪዎቹ መምህራቸውን «ድርብ ቁልፍ» ያሉት የቢሮውን በር ቆልፎ ደረጃውን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ስለሚገፋው ነው። ቢሮው ውስጥ እግሯ ከተሰበረ ወንበር በቀር የሚሰረቅ የለም። ሰውየው ግን ሰላምታንም ሳይመረምር አይቀበልም፤ «እንደምን አደርክ» ያሉትን ሁሉ «ምን ሰምተው ነው?» ይላል በሆዱ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የምርምር ጽሑፉን ከላከለት መጽሔት በኢሜይል ደብዳቤ ደረሰው። ጽሑፉን አሁን ባለበት ሁኔታ እንደማይቀበሉት፣ አሻሽሎ እንደ አዲስ ቢልከው ግን በደስታ እንደሚያዩት ይገልጻል። አሥራ ሰባት ጊዜ አነበበው። እምቢታውስ ግድ የለም፤ ያስደነገጠችው «በደስታ» የምትለዋ ናት። እምቢ ያለ ሰው ምን ያስደስተዋል? ዳግም አልፍተውት ውጤቱን ለወዳጃቸው ሊያቀብሉ ነው እንጂ!

ችላ እንዳይለው ደግሞ የማዕረግ ኮሚቴው ከስድስት ወር በኋላ ይሰበሰባል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል አንዲት የታተመች ጽሑፍ ብቻ ነው የጎደለችው። ይህ ዙር ካመለጠው ከሚቀጥለው በፊት ጡረታው ይደርሳል።

ከደብዳቤው ጋር የሦስት ገምጋሚዎች አስተያየት ተያይዟል፤ ስማቸው አልተጻፈም። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ግን ወዲያው ተገለጠለት፤ የጎረቤት ቢሮው ኬሚስት ነው። ማስረጃ? ሐሙስ ዕለት ኮሪደር ላይ ፈገግ ብሎለታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ገጽ መልስ ጻፈና ለሚስቱ አነበበላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ በስፒል ተሞልቶ ስለነበር ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ሦስተኛው አስተያየት ምን እንደሚል ጠየቀችው።

ሥራው ጥሩ ይመስላል፤ ናሙናዎቹ ግን ከየትና መቼ እንደተወሰዱ አይታወቅም፤ ጸሐፊው የሚደብቁት ነገር ያለ ይመስላል፤ ይላል።

እውነቱን ነበር። ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ የሠላሳ አንድ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ እየወጣ ከውሃ ታንከሮች ናሙና ቀድቷል። ጽሑፉ ላይ ግን «ከልዩ ልዩ ታንከሮች፣ በተመቸ ጊዜ» ብሎ አለፈው። ሌባ ቀድሞ እንዳያሳትመው ሰንጠረዡን አልጋ ሥር በብረት ሣጥን ቆልፎበታል።

«እና ከየት ነው ያመጣኸው?» አለችው።

በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት።

«እኔም ልሰርቅህ ነው?»

ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱሪህ አቧራ ለብሶ ሲመጣ እኔ ሌላ ነገር ነበር የጠረጠርኩት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ጠርጥረሽ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አጠብኩት።»

ድርብ ቁልፍ የደበቀው ነገር በገዛ ቤቱ ምን እንዳስጠረጠረበት አሁን ገና ገባው። ተንበርክኮ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተተ። ዘጠኙን ገጽ ወደ አንድ ተኩል አወረደው፤ ኬሚስቱን የነካካበትን ስድስት ገጽ ሲሰርዝ ግን እጁ ከብዶት ነበር። በሦስተኛው አስተያየት ሥር «ገምጋሚው ልክ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ከነቀኑና ከነሕንፃው ተያይዟል» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አንዱንም ታንከር ጽሑፉ ውስጥ አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

ዓይኑን ሲገልጥ መልስ መጥቷል። ጽሑፍዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን ይላል።

«በሁለት ሰከንድ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ነበር ማለት ነው።»

እሷ ስፒሎቹን ወደ አፏ መልሳለች።