አንድ ጣሳ ጭስ ማጥፊያ

ታክሲውን የሸጠው አባቴ ነው፤ የገዙት ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ያየሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጉርድ ሾላ፣ የሞተር ዘይት መሸጫ ውስጥ፣ ልጄ አንድ ጣሳ ጭስ ማጥፊያ አንስቶ፣ «አባዬ፣ ይህን ሞተሯ ውስጥ ጨምረን፣ ጭሷን ደብቀን መኪናዋን እንሽጣት፤ ሁሉም ሰው እኮ ያደርገዋል» አለኝ።

አባቴም ልጅ ሳለሁ፣ ዓይኔ እያየ አድርጎታል። ዘይት በሚበላው ሞተር ውስጥ ይህንኑ ወፍራም ነገር ጨመረበት፤ ታክሲው ጭስ ሳይተፋ የእንጦጦን ዳገት ወጣ። ጋሽ ቶሎሳ ለተወሰደባቸው የእርሻ መሬት የተሰጣቸውን ካሳ ከፈሉ።

በወሩ ሞተሩ ተቃጠለ። ጋሽ ቶሎሳ ልብሳቸው የተቃጠለ ዘይት እየሸተተ በራችን ላይ ቆመው፣ አባቴን «መሬቴን የወሰዱት እንኳ ነግረውኝ ነው። አንተ ግን ጎረቤቴ ነህ» አሉት። አባቴ መሬት መሬት አየ።

ዛሬ ልጄን ጣሳውን ወደ ቦታው አስመለስኩት፤ አኮረፈኝ። ያቺ የጥንቷ ጣሳ ጋሽ ቶሎሳን የመሬታቸውን ካሳ፣ አባቴን የጎረቤት ሰላምታ፣ እኔን ደግሞ በአባቴ ላይ የነበረኝን እምነት አስከፍላናለች።