ታደለች የጮኸች ዕለት

ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ጫፍ፣ ከአሮጌው መዝገበ ቃላት አጠገብ፣ ከደረቀ ኮባ የተሠራ ጭምብል ተሰቅሏል። ለዓይን የተበሱት ቀዳዳዎች እኩል አይደሉም፤ አፉም በቀይ ሥር ጭማቂ ተለቅልቋል። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው አይቶት ይደነግጣል፤ እኔ ግን ታሪኩን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ክረምት ሲገባ ኮባው እርጥበት ይስብና የእንሰት ጓሮ ሽታ ይሰጣል። ያ ሽታ ሳላስበው ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ሆሳዕና ይመልሰኛል።

አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማርታ ባላቸው የሞተባቸው፣ በእንሰት ጓሯቸውና በቅቤ ንግድ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው ታደለችና ማርቆስ የጨዋታ ጓደኞቼ ነበሩ። በሌላው ወገን የሚያዋስኗቸው አቶ ሀንዲሶ ግን በድንበር ምክንያት ከተጣሏቸው ወዲህ ሰላምታ እንኳ ነፍገዋቸው ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ቪዲዮ አምጥቶ በሱቁ ጓዳ ማሳየት ጀመረ። መስኮቱ በጆንያ ተጋርዶ፣ በላብና በእግር ሽታ ታፍነን፣ ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ በመጥረቢያ ወጣቶችን አንድ በአንድ ሲያድን አየን። ፊልሙ በርካሽ የተሠራ መሆኑ ለልጅ ዓይን እንኳ አይሰወርም፤ አንገቱን የተመታው ሰው ደም የሚፈሰው ከብብቱ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን የቆመው አስተርጓሚም እንግሊዝኛ የሚያውቅ አይመስለኝም። ገዳዩ በር በሰበረ ቁጥር «ቤቶች! እንግዳ ታሳድራላችሁ?» እያለ ይተረጉምለት ነበር። እየፈራን ሳቅን። ታደለች ብቻ እስከ ቤቷ ድረስ በአንድ ጥያቄ ነዘነዘችን፦ «ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትጮኽ ጎረቤቷ የት ሄዶ ነው?»

በማግስቱ ፊልሙን እኛው ልንጫወተው ተስማማን። ጭምብሉን ከኮባ ሠራሁ፤ ማርቆስ ቀይ ሥር ጨምቆ ደም አዘጋጀ፤ መጥረቢያችን ካርቶን ነበር። ታደለች በእንሰቱ መካከል ሮጣ፣ ወድቃ፣ ጮኸች። ጩኸቷ ግን እኔን ገዳዩን ራሴን አስደነገጠኝ።

መጀመሪያ የተሰማው የአጥር ስብራት ነበር። አቶ ሀንዲሶ ያንን የተጣሉበትን አጥር በደረታቸው ጥሰው በባዶ እግራቸው ገቡ። ከኋላቸው የፊቱ ግማሽ ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሰው፣ ቆጮ ስትከትፍ የነበረች ሴት ከነቢላዋዋ፣ ጦር የጨበጡ ሽማግሌ ተከታተሉ። በአፍታ ጓሮው በሰው ተሞላ። አቶ ሀንዲሶ በአንድ እጃቸው አንገቴን አንቀው በሌላው ዱላቸውን አነሡ። በዚያው ጭምብሉ ወደቀ።

«የአስተማሪው ልጅ!» አለ አንዱ።

ታደለች ደሟ እየተንጠባጠበ ተነሥታ «ጨዋታ ነው» አለች። የተነሣው ዱላ ቀስ ብሎ ወረደ።

ወይዘሮ ማርታ ከገበያ ሲመለሱ ነገሩ ተነገራቸው። ልጆቻቸውን አልመቱም። የተሸከሙትን አውርደው መሬት ላይ ተቀመጡና «እኔ ባል የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ የነበረኝ ጩኸቴ ነው። እሱንም ዛሬ ጨረሳችሁብኝ። ከእንግዲህ ብጮኽ ማን ይመጣልኛል?» አሉ። የተጫወትነው በምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በሰፈራችን ጩኸት ሰምቶ የቀረ ሰው በሽማግሌ ፊት ይጠየቅ ነበር፤ በከንቱ ለጮኸ ቤት ባይደርስ ግን የሚጠየቅ አልነበረም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀመጡ። ጦር የያዙት አዛውንት «ለሚቀጥለው ጩኸት እግራችን ይከብደናል፤ እውነቱን እንነጋገር» አሉ። የሁሉም ዓይን ወደ አቶ ሀንዲሶ ዞረ፤ አጥራቸው የፈረሰ፣ እግራቸው የደማ፣ ቂምም ያላቸው እሳቸው ነበሩና። እሳቸው እሾህ ከውስጥ እግራቸው አንድ በአንድ ነቀሉ።

«ጩኸት እውነት ይሁን ሐሰት ደጅ ላይ ተቀምጦ አይታወቅም» አሉ በመጨረሻ። «ደርሶ ነው። ደርሼ ሐሰት ሆኖ ባገኘው ይሻለኛል። ይህች ቤት ነገም ብትጮኽ እመጣለሁ፤ የሚቀር ካለ አሁን ይናገር።»

የተናገረ አልነበረም። አቶ ሀንዲሶ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ገዳይ! ና፣ አጥሬን አቁም» ሲሉ የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ማርታ እንባቸውን ጠርገው የእግር ውሃ አቀረቡላቸው። የድንበሩ ክርክር ከዚያም በኋላ አልተቋረጠም፤ ሰላምታው ግን ተመለሰ። በተከታዩ በጋ የወይዘሮ ማርታ የሣር ክዳን በእሳት ተያይዞ ሲጮኹ ቀድሞ የደረሰው ማን እንደ ነበር መናገር አያስፈልገኝም።

ባለፈው ክረምት፣ አሁን በምኖርበት ከተማ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሳነብ፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው ያላለቀ ፎቅ የሴት ልጅ ጩኸት ሰማሁ። በአንድ እግር ጫማ፣ ከዘራዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ወለሉ ላይ በደም የተነከረች ወጣት ተዘርግታለች፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቆንጨራ ይዞ ቆሞባታል። ከዘራዬን አነሣሁ።

«አባባ! አባባ ይተዉ! ፊልም ነው!» ጭምብሉ ሲወልቅ የጎረቤቴ ልጅ ሆኖ አገኘሁት።

«እንዳታቆም፣ ቅረጽ!» አለ ሌላው፣ ስልክ ለያዘው ጓደኛው። «ይሄ በገንዘብም አይገኝ!»

የሚያስፈራም የሚያስቅም ፊልም በራሳቸው ኪስ እየሠሩ ነበር። ደሙ ቀይ ሥር፣ ጭምብሉ ኮባ ነው፤ ልክ እንደኛው። ተቆጣኋቸው፤ ሰፈሩን ሁሉ ልታሸብሩት ነው አልኳቸው። የሞተችው ልጅ ጉንጯን እየጠረገች «አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየጮኽኩ ነው እኮ። የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ባልተለሰነው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች መንገዱ በባጃጅና በሰው ተሞልቷል፤ ቀና ብሎ የሚያይ አንድም አልነበረም። ዛሬም ያ ድንጋጤ ከሰውነቴ ጨርሶ አልወጣም።

ልጆቹ አስፈቅደውኝ የእኔን መምጣት በፊልሙ ውስጥ አስገቡት፤ ጭምብሉንም በስጦታ ሰጡኝ። ፊልሙ የተመረቀ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁት። ገዳዩ ሲያርድ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ በአንድ እግር ጫማ ከዘራ ይዤ ብቅ ስል ግን ሰዉ እያጨበጨበ በሳቅ ተንፈራፈረ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች፣ በያኔዋ ታደለች ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ብቻ ሳትስቅ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ሰውዬው ለምን መጣ?»

«ዝም ብለሽ እዪ፤ ቀልድ ነው» አለቻት እናቷ።