ጉም ውስጥ የተከተልነው ፈረንጅ

እኔና ጓደኛዬ ታደለ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ሜዳ በእግር እያቋረጥን ስለ አንድ የስልክ ጌም እንጨቃጨቃለን። ጌሙ ላይ አንድ ነጭ ከሰማይ ዱብ ይልና ለዘመናት መላ ያጣውን ሕዝብ በሦስት ቀን ነጻ ያወጣል።

«ንቀት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ያገሬው ሰው እስከዚያ ድረስ ጭንቅላት አልነበረውም?»

ታደለም ነጩን አይወደውም። እሱ የሚመርጠው እዚያው ጌም ላይ ያለውን፣ ዙፋኑን ከአባቱ የወረሰውን ልዑል ነው። «መሪነት በደም ነው» ይላል።

ይኼኔ ጉሙ ዋጠን። የታደለ አባት አገሬው መርጧቸው የጓሳን ሣር ሲጠብቁ የኖሩ ናቸውና፣ ልጃቸው «ተከተለኝ፣ መንገዱ ደሜ ውስጥ አለ» ብሎ ቀደመኝ። ብዙም ሳንሄድ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበታችን ገባን።

ወጥተን በብርድ ስንንቀጠቀጥ፣ አንድ ፈረንጅ ቱሪስት ካርታ ይዞ ኮራ ብሎ ሲያልፍ አየን። ሳንነጋገር ከኋላው ተሰለፍን።

«ቅድም ንቀት ነው ያልከው...» ሲል ታደለ፣

«ዝም ብለህ ተራመድ!» አልኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰን እዚያው ረግረግ ጋ ደረስን። ፈረንጁ ዞር ብሎ በተሰባበረ አማርኛ፣

«እኔ ጠዋት ነው የጠፋሁ» አለን። «የአገሩ ሰዎች ስትከተሉኝ ግን መንገዱ ትክክል መሰለኝ።»