የውሃ ልክ ልጅ መቀስ ስትይዝ

ታፔላ ጻፊውን የሠፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይለዋል። የጻፈው ፊደል ከመስመር ንቅንቅ አይልም። ፀባዩም እንደዚያው ነው፤ የተጣመመ ነገር ካየ ደሙ ይፈላል። ቀለም ሲቀባ ያዋራው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው።»

የዛን ዕለት ደሙን ያፈላችው የሴት ልጁ የሚጢጢ መምህርት ናት። ሚጢጢ አንደኛ ክፍል ለመግባት ወረቀት መቁረጥና እርሳስ በወጉ መያዝ አለባት። መምህርቷ አባትየውን ትምህርት ቤት አስጠርታ፣ ከቤት ተሠርተው የመጡትን የወረቀት ሥራዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ቢራቢሮው፣ ቤቱ፣ ዓሣው፣ አንዱም እንከን የለው።

«ማን ነው የሠራቸው፣ የሚጢጢ አባት?»

«አብረን ነው።»

«እኔ ቀለሙን ያዝኩለት» አለች ሚጢጢ ኮራ ብላ።

መምህርቷ ክብ የተሳለበት ወረቀትና መቀስ ሰጠቻት። ልጅቷ መቀሱን ተቀብላ ዞር አለችና ለአባቷ አቀበለችው።

«ክፍል ውስጥም እንዲሁ ናት፤ አጠገቧ ላለው ልጅ ትሰጣለች። በዚህ ከቀጠለች አላሳልፋትም።»

ቤት ሲገባ እንደ ጋለ ብረት ነበር። «ማናባቷ ስለሆነች ነው? ሥራዬን ጥዬ ከልጄ ጋር ቁጭ የምል እኔ፣ እኔ ልወቀስ?»

«ተማሪው አንተ ከሆንክ ዩኒፎርም እናሰፋልሃለን» አለች ሚስቱ። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው።

«ቀልጂ አንቺ።»

«አልቀለድኩም። ልጅቷ መቀስ በነካች ቁጥር ‹ተዪው፣ አበላሸሽው› እያልክ ትነጥቃታለህ። እኔ ሱቅ ያለችውን ተለማማጅ ‹ቁሚና እይ› እያልኩ ጸጉሩን ሁሉ ራሴ ብቆርጥ መቼ ትለምዳለች?» ክብ የተሳለባቸው ወረቀቶችና መቀስ ልጅቷ ፊት አስቀመጠች። «አንተ እዚያ ተቀመጥ። እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተት።»

ሚጢጢ መቀሱን አነሳች። ወረቀቱን ገና ሳትነካው፣ «አበላሸሁት» አለች።

ውሃ ልክ የሚቆጣው ሰው አጣ። መምህርቷ እዚህ የለችም፤ ሚስቱም ጀርባዋን ሰጥታው ሰሃን ታጥባለች።

«ገና መች ጀመርሽና» አለ ድምፁ ሻክሮ። «ቁረጪ።»

ቆረጠች። ክቡ ድንች መሰለ። ጥርሱን ነከሰ። ሌላ ወረቀት አነሳች፤ ያኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። እጁ ሳያዘው ከብብቱ ወጣ።

«በዚህ በኩል ብታዞሪው…»

ሚጢጢ ቀና እንኳ አላለችም። «ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው» አለችው።

እጁን ወደ ብብቱ መለሰ። ድንቹን እያየ፣ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ፣ ዝም አለ።