የወይንሸት ቋጠሮ

ሙሀሲን ሸዋ ሮቢት ውስጥ በደፋርነቱ የታወቀ ሰው ነው። በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በጣርማ በር ቁልቁለት ስንት ዓመት ተመላልሷል። አርባን ሲሻገር መኪናውን ትቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጠባብ ገደል ውስጥ እንግዶችን በገመድ የሚያወርድ አስጎብኚ ሆነ። ገደሉ ጎርፍ የሰነጠቀው ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ እዚያ ሲደርሱ ወገብ ላይ የታሰረውን መታጠቂያ ከገመዱ ጋር አያይዞ፣ በእግር ግድግዳውን እየረገጡ መውረድ ነው።

አብራው የምትሠራው ወይንሸት የምትባል የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ልጅ ናት። ገመዱን ቋጥኝ ላይ የምታስረው እሷ፣ ከፊት የሚወርደው እሱ።

ካቻምና፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሙሀሲን ብቻውን ሲወርድ የረገጠው ድንጋይ ፈረሰና አየር ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ ስለያዘው ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ግን አፋፍ ላይ መቆም ያስፈራዋል። ይህን ለሚስቱ ለሙሀባ እንኳ አልነገራትም።

አንድ ቅዳሜ ሰይፉ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ከአዲስ አበባ መጣ። የመጀመሪያውን ገደል ሙሀሲን ጥርሱን ነክሶ ወረደው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወይንሸት መጨረሻ ወርዳ፣ ጫፉን ከታች ሲስቡት ከቋጥኙ የሚለቀውን ገመድ ሳበችው። ገመዱ አንዴ ከተሳበ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መውጫው በታች በኩል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው። ወይንሸት አስራ ስትጨርስ፣ "ዝግጁ ነው፣ ጋሼ" አለችው። ሙሀሲን ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆመ። እግሩ እምቢ አለው።

"ምነው፣ ችግር አለ?" አለ ሰይፉ።

ያኔ አፉ ቀደመው። "ቋጠሮው ልክ አይደለም! እንዲህ አድርገሽ አስረሽ ሰው ልትፈጂ ነው?" ብሎ ጮኸባት።

ወይንሸት ቋጠሮውን አየች፤ ቀጥላ ከአፋፉ ያልተነቃነቀውን እግሩን አየች። ፈትታ ያንኑ ቋጠሮ መልሳ አሰረችው። "እኔ ልቅደም፤ አንቱ መጨረሻ ይምጡ" ብላ ወረደች። እንግዶቹ ተራ በተራ ተከተሏት።

ሙሀሲን ብቻውን ቀረ። ወይንሸት ከታች፣ ቢያዳልጠው እንድታቆመው የገመዱን ጫፍ ወጥራ ይዛ፣ "ይምጡ፣ ጋሼ! ይዤዎታለሁ። ወደ ታች አይዩ፣ ግድግዳውን ብቻ ይዩ" ትለው ጀመር። ቢስሚላህ ብሎ፣ ሁሉም እያዩት፣ እንደ ሕፃን እየተባበለ ወረደ።

መሬት ሲረግጥ ሰይፉ፣ በቋጠሮው የተጨነቀ መስሎት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ደግነቱ አንተ አየህልን እንጂ ልጅቷማ ጨርሳን ነበር!" ሙሀሲን ፈገግ አለ። ወይንሸት አጠገባቸው ነበረች።

ሦስተኛው አጭር ስለሆነ እንደምንም አለፈው። ከተማ ገብተው፣ ወይንሸትም ባለችበት ምሳ ሲቀርብ ሰይፉ፣ "ለሌላ ጊዜ ገመድ የሚያስር ሌላ ሰው ፈልግ" አለው።

"ቋጠሮው ልክ ነበር" አለ ሙሀሲን።

"እንዴት?"

"የፈራሁት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እግሬ አልንቀሳቀስ ሲለኝ ነው በሷ ያሳበብኩት።"

ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ሙሀሲን ወደ ወይንሸት ዞሮ፣ "አፉ በይኝ" አላት።

"መፍራትዎን ቢነግሩኝ ኖሮ ከመጀመሪያውም እኔ እቀድም ነበር" አለች። "መጮህዎም አልከፋኝ፤ ደንግጠው ነው። ሰውየው ሲሰድበኝ ፈገግ ያሉት ግን..." ሳትጨርሰው እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

አሁን እንግዳ የምትመራው ወይንሸት ናት። ሙሀሲን በታች በኩል በእግሩ ገብቶ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። ሠላም ይባባላሉ፤ እሱ ግን አሁንም ደፍሮ ዓይኗን አያያትም። አንዳንድ እንግዳ፣ "አንተ አትወርድም እንዴ?" ብሎ ይጠይቀዋል።

"እፈራለሁ" ይላል። በተናገረው ቁጥር ፊቱ ይግላል።